«ሕይወቷ ከሕይወቱ ይቀድማል»፦ አስቸጋሪ እርግዝና በአይሁድ ሕግ

ኦሪት ዘፀአት 21፥22 ላይ ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ ነፍሰ ጡር ሴት መሀል ትገባና ትመታለች፤ ፅንሱ ይወርዳል። ሌላ ጉዳት ከሌለ መቺው ካሳ ይከፍላል፤ ጉዳት ካለ ግን «ነፍስ በነፍስ» ነው። ጉዳቱ የማን ነው? ራቢዎች «የእናቲቱ» ብለው ፈቱት። እናት ከሞተች ነፍስ ጠፍቷል፤ ፅንስ ብቻ ከወረደ ግን የሚከፈለው ገንዘብ ነው። በአይሁድ ሊቃውንት ዘንድ ስለ ፅንስ ማቋረጥ የሚነሳው ክርክር ሁሉ ከዚህች ቁጥር ይጀምራል።

ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚያስፈልግ ነገር አለ። የዕብራይስጡ ቃል «አሶን» ነው፤ አደጋ፣ ጉዳት ማለት ነው። ሰብዓ ሊቃናት ወደ ግሪክ ሲመልሱት ግን ሚዛኑን ወደ ፅንሱ አዞሩት፦ ገና መልክ ያልያዘ ከሆነ ካሳ፣ መልክ ይዞ ከሆነ ነፍስ በነፍስ። የግዕዙ ኦሪት ደግሞ የተመለሰው ከግሪኩ ነው። በክርስትናው በኩል «ፅንሱ መቼ ተሣለ?» የሚለው ጥያቄ ሥር ሲሰድ፣ በራቢዎች በኩል «እናቲቱ ምን ደረሰባት?» የሚለው ሥር ሰደደ። ቤተ እስራኤልም ታልሙድ (የራቢዎች የሕግ ክርክር የተጻፈበት መጽሐፍ) ሳይደርሳቸው በግዕዝ ኦሪት የኖሩ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ክርክር ለአብዛኞቹ እስራኤል ከገቡ በኋላ የተዋወቁት ነው። አያት ለቄሱ ታቀርበው የነበረውን ጉዳይ የልጅ ልጅ ለራቢ ስታቀርበው፣ ሁለቱ ከአንድ መጽሐፍ ተነስተው በተለያየ መንገድ ሊሄዱ እንደሚችሉ ማወቁ አይከፋም።

ዋናው ቃል የታልሙድ መሠረት በሆነው የሕግ ስብስብ፣ በሚሽና ውስጥ ነው፤ ኦሆሎት 7፥6። በግርድፉ እንዲህ ይላል፦ ሴት ምጥ ከጠናባት፣ በማህፀኗ ያለውን ቆራርጠው ብልት በብልት ያወጡታል፤ ሕይወቷ ከሕይወቱ ይቀድማልና። አብዛኛው አካሉ ከወጣ በኋላ ግን አይነኩትም፤ ነፍስን ስለ ነፍስ አያስወግዱምና። ቃሉ ይዘገንናል። የእናትን ሆድ ከፍቶ ሁለቱንም ማትረፍ በማይታሰብበት ዘመን ግን አዋላጂቱ ፊት ያለው ምርጫ ይኸው ነበር፦ አንዱን ማትረፍ ወይም ሁለቱንም መቅበር። ሚሽናው «ቢፈልጉ» አላለም፤ «ያወጡታል» አለ። እናትን ማዳን በፈቃድ የሚተው ነገር ሳይሆን ግዴታ ነው። ድንበሩም የተሰመረው መወለድ ላይ ነው። ጭንቅላቱ ወይም አብዛኛው አካሉ ወደዚህ ዓለም አየር ከወጣ በኋላ ሁለት ነፍሶች አሉ፤ አንዱን ለሌላው መስጠት የለም።

ይህንን ሁሉም ይቀበላል። ጭቅጭቁ የሚነሳው «ለምን?» ሲባል ነው።

በ1105 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያረፈው የታልሙድ ተርጓሚ ራሺ ቀላል ምክንያት ሰጠ፦ ወደ ዓለም አየር እስካልወጣ ድረስ ፅንሱ «ነፍስ» አይባልም። የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ራምባም (ማይሞኒደስ) ግን በግድያ ሕጎቹ ምዕራፍ 1፥9 ላይ ሌላ ምክንያት አስቀመጠ። እናቱን በምጥ የሚያስጨንቅ ፅንስ ሊገድላት እንደሚያሳድዳት ሰው ነው፤ አሳዳጅን ማስቆም ደግሞ የተፈቀደ ነው፤ በመድኃኒትም በእጅም ቢሆን። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ቤት ሲገባ ግን ትልቅ ነው። በራሺ መንገድ ብትሄዱ እናቲቱ ለሞት ባትቃረብም ሌላ ከባድ ምክንያት ሊመዘን ይችላል። በራምባም መንገድ ሲኬድ ግን «አሳዳጅ» የሚል ምክንያት ማስፈለጉ ራሱ፣ አሳዳጅ ካልሆነ ነገሩ ወደ ነፍስ ግድያ ይጠጋል የሚል ትርጉም ይይዛል። ዛሬ «ራቢው ፈቀደ፣ ራቢው ከለከለ» ሲባል ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያለው ይህ ነው።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ነፍሰ ጡሯ ካንሰር ተገኘባት እንበል። አሳዳጁ ካንሰሩ ነው እንጂ ፅንሱ አይደለም፤ ፅንሱ ያደረገው ነገር ቢኖር ሕክምናውን ማዘግየት ነው። አብዛኞቹ ራቢዎች መዘግየቱ ሕይወቷን የሚያሰጋ ከሆነ ይፈቅዳሉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት ግን «ሕክምናው ስንት ሳምንት መቆየት ይችላል?» ብለው ነው። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ እርግዝናው እያለ ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ ከካንሰር ሐኪሙ ይህ መልስ ሳይያዝ ወደ ራቢ መሄድ ሁለት ጊዜ መመላለስ ነው።

ጥያቄ የማያስፈልግባቸውም አሉ። ከማህፀን ውጭ የተቀመጠ እርግዝና፣ ኢንፌክሽን ያስከተለ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ሰውነትን የሚያናውጥ የእርግዝና ደም ግፊት ሲሆን የሚታዘዘው ሐኪሙ ነው። የኢየሩሳሌም ታልሙድ ነፍስን ማዳን በተመለከተ ኃይለኛ ቃል አለው፦ የተጋ ይመሰገናል፣ የተጠየቀ ይነቀፋል፣ የሚጠይቅ ደም ያፈስሳል። «የተጠየቀ ይነቀፋል» የተባለው መምህሩ ሕዝቡ ሳይጠይቅ እንዲያውቀው አስቀድሞ ማስተማር ስለነበረበት ነው። ደም እየፈሰሳት ስልክ ይዞ ራቢ ፍለጋ ሃይማኖተኛነት አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

ታልሙድ (ይቫሞት 69ለ) ፅንስ እስከ 40 ቀን ድረስ «ተራ ውሃ» ነው ይላል። ብዙ ራቢዎች በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሚመጣ ጥያቄ ይበልጥ የሚላሉት ከዚህ ተነስተው ነው። ሆኖም 40ው ቀን የሚቆጠረው ከመፀነስ ጀምሮ ሲሆን፣ ሐኪሙ የሚቆጥረው ደግሞ የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ነው፤ በመሀሉ ሁለት ሳምንት ገደማ አለ። 40 ላይ 14 ሲደመር 54 ቀን ይሆናል። በአልትራሳውንድ ወረቀቱ ላይ 7 ሳምንት ከ5 ቀን ማለት ነው። «6 ሳምንት ሞላኝ፤ 42 ቀን ነው፤ አልፎኛል» ብላ ተስፋ የቆረጠች ሴት በሃላኻው (በአይሁድ ሕግ) ቆጠራ ገና 28ኛው ቀን ላይ ናት። በሌላ በኩል የወር አበባ መቅረቱ የሚታወቀው በሐኪም ቆጠራ 4 ሳምንት አልፎ ስለሆነ፣ የሚቀረው ጊዜ ከሦስት ሳምንት ተኩል ብዙም አይበልጥም። ከወር አበባ በኋላ ለመንጻት ወደ ሚቅቬ (መጥለቂያ ገንዳ) የምትሄድ ሴት የጠለቀችበትን ምሽት ብትጽፍ ይጠቅማታል፤ ራቢው ቆጠራውን ሊጀምር የሚችለው ከዚያ ነው።

ከ40 ቀን በኋላ በጣም የታወቀው ክርክር በ1970ዎቹ በሁለት ታላላቅ ሰዎች መካከል የሆነው ነው፤ ምክንያቱም ቴይ ሳክስ የሚባል በሽታ። ቴይ ሳክስ በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የሚጠራቀም የስብ ዓይነት የሚያፈርስ ኢንዛይም ሲጎድል የሚመጣ ነው። ሕፃኑ ጤነኛ ሆኖ ይወለዳል፤ ግማሽ ዓመት አካባቢ ሲደርስ የያዘውን መልቀቅ፣ የተቀመጠው መውደቅ ይጀምራል፤ ማየት ያቆማል፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። መድኃኒት የለውም። ከአሽከናዝ (ዘራቸው ከአውሮፓ ከሆነ) አይሁድ ከሠላሳ ሰው አንዱ ገደማ ተሸካሚ ነው፤ ሁለት ተሸካሚዎች ከተጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለ። ምርመራው ሲመጣ ጥያቄውም አብሮ መጣ።

ኢየሩሳሌም ያለው የሻአሬ ጼዴቅ ሆስፒታል ሃላኻዊ መካሪ በመሆን የሚታወቁት ራቢ ኤሊዔዘር ዋልደንበርግ እስከ ሰባተኛው ወር ድረስ ፈቀዱ። ማስረጃቸው የ18ኛው ክፍለ ዘመኑ ራቢ ያዕቆብ ኤምደን ነበሩ፤ ኤምደን ለሞት በማያደርስ «ታላቅ ፍላጎት»፣ ለከባድ ሥቃይም ቢሆን መፍቀድ ይቻላል የሚል በር ከፍተው ነበር። ዋልደንበርግ ልጃቸው ቀስ እያለ ሲጠፋ ከሚያዩ ወላጆች በላይ ሥቃይ ያለበት ማን ነው ብለው ተከራከሩ። ኒው ዮርክ የነበሩት ራቢ ሞሼ ፋይንስታይን በ1976 ግን በጽኑ ተቃወሙ። ለእሳቸው ፅንስ ማቋረጥ የግድያ ክፍል ነው፤ የሚፈቀደውም የእናቲቱ ሞት በእርግጠኝነት ሲያሰጋ ብቻ ነው። የወላጆችን መከራ አልካዱም፤ መከራ ግን ግድያን አይፈቅድም አሉ። ከሁለቱ በፊት ራቢ ቤን ጽዮን ዑዚኤል ሁለት ጆሮዋን ሊያደነቁራት ይችላል ለተባለች ሴት ፈቅደው ነበር። መሀል መንገዱ እንግዲህ ባዶ አይደለም።

አንባቢ «ታዲያ ትክክሉ ማን ነው?» ቢለኝ፣ ሁለቱም ዛሬ ተከታይ አላቸው እላለሁ። የምከራከረው ዋልደንበርግን እየጠቀሱ «የአይሁድ ሕግ ይፈቅዳል» ከሚሉትም፣ ፋይንስታይንን እየጠቀሱ «ይከለክላል» ከሚሉትም ጋር ነው። በ2022፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፅንስ ማቋረጥ መብትን ይጠብቅ የነበረውን የሮ ውሳኔ በሻረበት ዓመት፣ በፍሎሪዳ አንድ ምኩራብ የግዛቲቱ ክልከላ የአይሁድን የሃይማኖት ነፃነት ይነካል ብሎ ከሰሰ፤ በኢንዲያና የአይሁድ ሴቶችን ያካተተ ተመሳሳይ ክስ በ2024 በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ተደማጭነት አገኘ። ሕጉን አጥብቀው የሚይዙት የኦርቶዶክስ አይሁድ ራቢዎች ግን ከደጋፊውም ከተቃዋሚውም ሰልፍ ጋር አይገጥሙም፦ ያለ ምክንያት ማቋረጥን ይከለክላሉ፤ የእናት ሕይወት ሲያሰጋ ግን ያስገድዳሉ። ይህን ግዴታ የማያስተናግድ ሕግ ለእነሱም ችግር ነው።

የቴይ ሳክስ ጉዳይ ያመጣው ሌላም ነገር አለ። በበሽታው አራት ልጆች የቀበሩት ራቢ ዮሴፍ ኤክስታይን በ1983 ዶር የሾሪም የሚባል ተቋም መሠረቱ። ወጣቶች ለትዳር ሳይታጩ ደም ይሰጣሉ፤ የሚደርሳቸው ውጤት ሳይሆን ቁጥር ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሊተጫጩ ሲያስቡ ሁለቱን ቁጥሮች ደውለው ይናገራሉ፤ ተቋሙም «ይስማማል» ወይም «አይመከርም» ይላቸዋል። አንዱ ብቻ ተሸካሚ ከሆነ ማንም አይነገረውም፤ ስለዚህ «ደሟ ጉድለት አለበት» የሚል ሐሜት መነሻ አያገኝም። ፋይንስታይንና ዋልደንበርግ ሊፈቱት ያልቻሉት ጥያቄ ማህፀን ሳይደርስ ተዘጋ። የቤተሰብ ታሪክን በጥንቃቄ መናገር እዚህ ላይ ዋጋ አለው። ምርመራው የሚመረጠው በወላጆች የዘር ሐረግ ስለሆነ፣ ባልና ሚስት ከተለያየ አገር የመጡ ከሆነ የአራቱንም አያቶች አገር ተናገሩ።

እስራኤል ውስጥ የመንግሥቱ ሕግ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው፤ ራቢም ቄስም የለበትም። በ1977 የወጣው ሕግ ጉዳዩን ለሦስት ሰዎች ኮሚቴ ይሰጣል፦ ሁለት ሐኪሞች፣ አንደኛው የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት፣ ሦስተኛዋ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፤ ከሦስቱ ቢያንስ አንዷ ሴት መሆን አለባት። የሚፈቀድባቸው ምክንያቶች አራት ናቸው። ሴቲቱ ከሕጋዊው የጋብቻ ዕድሜ በታች ወይም ከ40 በላይ ከሆነች፤ እርግዝናው ከጋብቻ ውጭ፣ በመደፈር ወይም ከሥጋ ዘመድ የመጣ ከሆነ፤ ፅንሱ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ሊኖረው የሚችል ከሆነ፤ መቀጠሉ ሕይወቷን የሚያሰጋ ወይም አካሏን ወይም አእምሮዋን የሚጎዳ ከሆነ። የኑሮና የቤተሰብ ችግርን የሚመለከት አምስተኛ ምክንያት ነበረ፤ በሃይማኖት ፓርቲዎች ግፊት በ1979 መጨረሻ ተሰረዘ። የኢትዮጵያን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ለሚያውቅ ሰው ዝርዝሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ኮሚቴው አብዛኛውን ማመልከቻ ያጸድቃል። ችግሩ ያለው ባለትዳር፣ ከ18 በላይና ከ40 በታች ሆና ፅንሱ ጤነኛ የሆነባት ሴት ላይ ነው፤ ኑሮዋ ቢከፋም የሕጉ በር አይከፈትላትም። አንዳንዶች «ከሌላ ሰው ነው» ብለው ይናገራሉ። ለኮሚቴው የሚስጥር ቃል ሊሆን ይችላል፤ በሃላኻ ግን የዘሞተች ሚስት ለባሏ የተከለከለች ስለሆነ፣ በሃይማኖት ቤት ለምትኖር ሴት ይህ ቀልድ አይደለም። እውነተኛው ምክንያት የመንፈስ ጭንቀት ከሆነ በአራተኛው ምክንያት ከሥነ አእምሮ ሐኪም ወረቀት ይዞ መሄድ ይሻላል። ሃላኻውም አእምሮን የሚያናጋ አደጋን እንደ ሕይወት አደጋ የሚያይበት ብዙ ቦታ አለ፤ ይህን ለመናገር ማፈር አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው ወረቀት ብዙ አይደለም፦ መታወቂያ፣ የእርግዝና ምርመራ ውጤት፣ ሳምንቱን የሚያሳይ አልትራሳውንድ፣ ምክንያቱ የጤና ከሆነ የስፔሻሊስት ደብዳቤ። ከ2022 ማሻሻያ በኋላ ፊት ለፊት መቅረብ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል፤ ቅጹ ላይ የነበሩ አንዳንድ አሳፋሪ ጥያቄዎችም ወጥተዋል፤ ገና ለጋ ለሆነ እርግዝና የሚሰጠውን ክኒን በኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) ክሊኒክ ማግኘት እንዲቻልም ተወሰነ። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ የወላጅ ፈቃድ አያስፈልጋትም። ያለ ኮሚቴ ያቋረጠ ሐኪም ይጠየቃል፤ ሴቲቱ ግን በወንጀል አትጠየቅም። በ2014 ደግሞ ከ20 እስከ 33 ዓመት ላሉ ሴቶች ወጪው በ«ጤና ቅርጫት»፣ መንግሥት በሚሸፍናቸው ሕክምናዎች ዝርዝር፣ ውስጥ ገባ። ዕብራይስጥ የማይቀናት እናት ስትሆን አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጇ ወይም ባሏ እንዲያስተረጉም አታድርጉ፤ ለእነሱ የማትናገረው ነገር ሊኖር ይችላል።

የቀን መቁጠሪያውን አብሮ ማየት ያስፈልጋል። 24 ሳምንት ካለፈ ጉዳዩ የሚሄደው ወደ ከፍተኛው ኮሚቴ ነው፤ እዚያ ሚዛኑ ይከብዳል። የእንሽርት ውሃ ምርመራ ብዙ ጊዜ ከ16ኛው ሳምንት በኋላ ይደረጋል፤ ሙሉ ውጤቱ ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ሁለተኛው የአካል ክፍሎች ፍተሻ ደግሞ ከ20 እስከ 24 ባለው ውስጥ ነው። በ23ኛው ሳምንት ቀጠሮ የያዘች ሴት አንድ ነገር ቢገኝባት፣ ለማሰብም፣ ለሁለተኛ ሐኪምም፣ ለራቢም የሚቀራት ቀናት ብቻ ናቸው። ቀጠሮው በ20ኛው ወይም በ21ኛው ቢያዝ ይሻላል። የመጀመሪያው ፍተሻ ከ14ኛው ሳምንት ጀምሮ ይቻላል፤ ዝም ብሎ መዝለሉ አይመከርም።

ራቢ የሚጠየቅ ከሆነ ሳምንቱን በሁለቱም ቆጠራ፣ የበሽታውን ስም፣ ሐኪሙ «የተረጋገጠ» ያለውን «ሊሆን ይችላል» ካለው ለይቶ፣ ፅንሱ ከተወለደ የመኖር ዕድሉን፣ ያለፉ ወሊዶችንና ቀዶ ጥገናዎችን፣ የእናቲቱን እንቅልፍና ምግብ ጭምር ጽፎ መሄድ ነው። «ልጁ ታሟል ተብለናል፤ ይቻላል?» ለሚል ጥያቄ ጠንቃቃ ራቢ መልስ አይሰጥም። ሌላ ብዙዎች የማያውቁት ሕግ አለ፦ አንድ ሊቅ ጠይቆ የተከለከለ ሰው፣ እንዲፈቅድለት ሌላ ሊቅ አይጠይቅም (አቮዳ ዛራ 7ሀ)። ስለዚህ ምርጫው ከመጠየቅ በፊት ነው። ራቢው የዋልደንበርግን መንገድ ይከተላል ወይስ የፋይንስታይንን? በሕክምና ጉዳይ ልምድ አለው? በኢየሩሳሌም ከ1990 ጀምሮ የሚሠራው ፑዓ ተቋም በወሊድና በሃላኻ ብቻ የሠለጠኑ ራቢዎች አሉት፤ ለሰፈር ራቢ የከበደ ጉዳይ ወደዚያ መላክ የተለመደ ነው።

ሊጤን የሚገባው አንድ ታሪካዊ ውሳኔ አለ። በ1942 በሊቱዌኒያ በኮቭኖ ጌቶ (አይሁድ ተከልለው በታሰሩበት ሰፈር) ናዚዎች ያረገዘች አይሁዳዊት ሁሉ ትገደል ብለው አወጁ። ራቢ ኤፍሬም ኦሽሪ ተጠየቁና ፈቀዱ፤ እርግዝናው ካልተቋረጠ እናትም ፅንስም እንደሚሞቱ ግልጽ ነበርና። እዚያ አሳዳጁ ፅንሱ አልነበረም። ሕጉ ግን የኦሆሎቱን አዋላጅ አስታውሶ መንገድ አገኘ።

አስቸጋሪ እርግዝና ሁሉ ግን ወደ ማቋረጥ አያመራም። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ ጾም ነው። በዮም ኪፑር፣ በቤተ እስራኤል አጠራር በአስተሰርዮ፣ ጤነኛ ነፍሰ ጡር ትጾማለች። የማያቋርጥ ትውከት ያለባት፣ ቀድማ የመውለድ ምልክት ያሳየች ወይም ሐኪም የከለከላት ግን በልክ ትበላለች፦ ከ30 ሚሊ ሊትር ያነሰ ምግብ፣ ከዚያ 9 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና። ለመጠጥ ልኩ የየራስ ጉንጭ ነው። ቀደም ብላ በዋዜማው አንድ ጉንጯን በውሃ ሞልታ ብርጭቆ ውስጥ ትተፋና ምልክት ታደርጋለች፤ በጾሙ ዕለት ከምልክቱ ያነሰ ትጠጣለች፤ እንደገና 9 ደቂቃ። ይህ ካልበቃት እንደሚያስፈልጋት ትበላለች። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ዝግጅቱ ነው፤ ሰዓትና ምልክት ያለው ብርጭቆ ሳታዘጋጅ፣ ከሰዓት በኋላ ራሷን ሲያዞራት «አሁን ምን ላድርግ?» ማለት ትጀምራለች።

ፅንሱ ከጠፋ በኋላ ያለው ደግሞ በዝምታ የሚታለፍ ነው። በሃላኻ 30 ቀን ያልሞላው ሕፃን ሲሞት ሺቫ (የሰባት ቀን ሐዘን) አይቀመጡለትም፤ ሕፃናት በብዛት በሚሞቱበት ዘመን እናት ዕድሜዋን በሐዘን እንዳትጨርስ የታሰበ ማቅለያ ነበር። ዛሬ ግን «አልቅሱ ያላለን የለም» ብለው የሚጎዱ ወላጆች አሉ። ሺቫ አለመኖሩ ማልቀስን አይከለክልም። ዘግይቶ የሞተ ፅንስ በኸቭራ ካዲሻ (የቀብር ማኅበር) ይቀበራል። ወላጆች ቦታውን ማወቅ ከፈለጉ ሆስፒታሉ ወረቀት ከማስፈረሙ በፊት መጠየቅ አለባቸው፤ ከፈረሙ በኋላ ማፈላለጉ አድካሚ ነው።

የንጽሕና ቆጠራው እንደገና ወደ 40 ይመለሳል። ዘሌዋውያን 12 ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ይላል፤ የቤተ እስራኤል እናት በአራስ ጎጆ የምትቆየውም፣ ክርስቲያኗ ጎረቤቷ ልጇን ክርስትና የምታስነሳውም በዚሁ ቁጥር ነው። ሚሽና ኒዳ 3፥7 ላይ ደግሞ ፅንስ በ40ኛው ቀን ከወረደ እንደ ወሊድ አይቆጠርም፤ በ41ኛው ከወረደ ግን ወንድ ይሁን ሴት ስለማይታወቅ እናቲቱ ለሁለቱም ትቆጥራለች። የወር አበባዋ ዘግይቶ ይሁን ፅንስ ይሁን ያልለየላት ሴት እንግዲህ ይህን ሕግ የምታገኘው የጠለቀችበትን ምሽት በጻፈችበት ወረቀት ነው።